«ጻፍኩት» ያለው ማን ነው? ስለ ካሽ፣ ስለ ፍጥነትና ስለሚጠፋ መረጃ

በላስ ቬጋስ «ካሽ» ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው ገንዘብ ነው። በአማርኛ ፊደል ሲጻፍ ደግሞ የገንዘቡም የኮምፒውተሩም ካሽ አንድ ዓይነት ሆነው ቁጭ ይላሉ። የኮምፒውተሩ ካሽ ግን «መደበቅ» የሚል ትርጉም ካለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው። ተጠቃሚው ሳያየው በፕሮግራሙና በዋናው ማከማቻ መካከል የሚቀመጥ ትንሽ፣ ፈጣንና ውድ ማስቀመጫ ነው። በዚህ ዕትም ስለ እሱ የምንጽፈው ሁለት ዓይነት አንባቢ አስበን ነው። አንደኛው በዚህ ሴሚስተር የኮምፒውተር አርክቴክቸር ወይም የኦፐሬቲንግ ሲስተም ትምህርት የያዘ ተማሪ ነው። ሁለተኛው ተመርቆ ሥራ የያዘ፣ አገር ቤት ላሉ ዘመዶቹ የፋርማሲ ወይም የሱቅ መመዝገቢያ ሲስተም ሠርቶ የሚልክ ወንድማችን ወይም እኅታችን ነው። ለተማሪው ነገሩ የፈተና ጥያቄ ነው፤ ለሁለተኛው የሰው ገንዘብና የሰው መድኃኒት ጉዳይ ነው።

ከጎተራ እስከ መሶብ

ኮምፒውተር መረጃን አንድ ቦታ ብቻ አያስቀምጥም። አያቶቹን ገጠር ሄዶ የጎበኘ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። እህሉ ጎተራ ውስጥ ነው፤ የሳምንቱ ዱቄት ጓዳ ውስጥ ነው፤ የዛሬው እንጀራ መሶብ ውስጥ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ጎተራ የሚከፍት የለም።

የኮምፒውተሩ መሶብ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ካሽ ነው። ከእሱ አንድ ነገር ለማንሳት አንድ ናኖሰከንድ ገደማ ይበቃል። ራም ጋ ለመድረስ ወደ 100 ናኖሰከንድ፣ ኤስኤስዲ ጋ ለመድረስ ወደ 100 ማይክሮሰከንድ፣ የሚሽከረከር ዲስክ ላይ ደግሞ ወደ 10 ሚሊሰከንድ ያስፈልጋል። ቁጥሮቹ እንደ ዕቃው ዓይነት ከፍ ዝቅ ይላሉ። ልዩነቱ እንዲገባችሁ አንዱን ናኖሰከንድ እንደ አንድ ሰከንድ ቁጠሩት። መሶቡ በአንድ ሰከንድ ሲያቀርብ፣ ራም ከአንድ ደቂቃ ተኩል በላይ ያስጠብቃል፤ ኤስኤስዲ ከአንድ ቀን በላይ፤ የሚሽከረከረው ዲስክ አራት ወር ሊሞላው ምንም አይቀረው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ሞሪስ ዊልክስ ካምብሪጅ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለዚህ ዓይነት ረዳት ሜሞሪ ጽፏል። አይቢኤም ደግሞ በ1968 ይፋ ባደረገው ሲስተም 360 ሞዴል 85 ላይ ገበያ አወጣው።

ለእኛ ለስደተኞቹ ደግሞ ከዲስክም የባሰ ሩቅ ጎተራ አለን። ከላስ ቬጋስ እስከ አዲስ አበባ ቀጥታ ቢለካ ከ14 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚሄድ፣ አንድ ጥያቄ ደርሶ መልስ ይዞ ለመመለስ ቢያንስ 140 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ይህ ገመዱ ቀጥ ብሎ ቢዘረጋ ነው፤ ገመዱ ግን ቀጥ ብሎ አይሄድም። የትኛውም የቴሌ ኩባንያ ይህን ሊያሳጥረው አይችልም። ያለው መፍትሔ መረጃውን ቀድሞ ወደ ጠያቂው ማስጠጋት ብቻ ነው።

አሁን ፈተና ላይ የሚመጣውን ስሌት እንሥራ። ካሹ በ0.1 ሚሊሰከንድ ይመልስ፤ ዲስኩ ተጨማሪ 10 ሚሊሰከንድ ይውሰድ። ከ100 ጥያቄ 90ው ካሽ ላይ ከተገኘ አማካዩ 1.1 ሚሊሰከንድ ነው። 95ቱ ከተገኘ 0.6 ይሆናል። 99ኙ ከተገኘ 0.2 ይሆናል። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ከ95 ወደ 99 መሄድ በወረቀት ላይ የአራት ነጥብ ዕድገት ይመስላል፤ ፍጥነቱ ግን ሦስት እጥፍ ሆነ። አማካዩን የሚወስነው የተገኘው ብዛት ሳይሆን የታጣው ነው፤ የታጣው ከ5 ወደ 1 ወረደ። ብዙ ተማሪ ነጥብ የሚጥለው እዚህ ጋ ነው።

የባለሱቁ ካርቶን

እስካሁን ያወራነው ስለ ማንበብ ነው። ለማንበብ የተቀመጠ ቅጂ ቢጠፋ ዋናው ዲስኩ ላይ ስላለ የምንከፍለው ጊዜ ብቻ ነው። በመጻፍ ጊዜ ግን ካሹ ላይ ያለው አንዳንዴ ቅጂ አይደለም፤ በዓለም ላይ ያለው ብቸኛው እሱ ነው።

የሰፈር ሱቅ አስቡ። አንዲት እናት ሁለት ኪሎ ስኳር በዱቤ ወሰዱ። ባለሱቁ ትልቁን የዱቤ መዝገብ አውጥቶ፣ ስማቸው ያለበትን ገጽ ፈልጎ፣ እዚያው ጽፎ ስኳሩን ሊሰጣቸው ይችላል። ደጅ የተሰለፈው ሰው ይጠብቃል። ይህ በመማሪያ መጽሐፍ ራይት ስሩ የሚባለው ነው፤ ካሹም ዋናው ማከማቻም ላይ ሳይጻፍ «እሺ» አይባልም። ወይም ደግሞ ባለሱቁ ከቀደደው የብስኩት ካርቶን ላይ «ሁለት ኪሎ ስኳር» ብሎ ጫር ያደርግና «ይሂዱ እትዬ» ይላል፤ ማታ ሱቁን ሲዘጋ ወደ መዝገቡ ይገለብጠዋል። ይህ ራይት ባክ ነው።

ካርቶኑ ሰነፍ መንገድ አይደለም። እኚያው እናት በቀን ሦስት ጊዜ ቢመጡ ማታ አንድ ድምር ብቻ ይገለበጣል። ጽሑፎቹን በገጽ ቅደም ተከተል አሰልፎ አንድ ጊዜ መዝገቡን ማገላበጥም ይቻላል። የሚሽከረከር ዲስክ በዚህ ዘዴ እጅግ ይፈጥናል። ኤስኤስዲም የሚጻፍበት ቁጥር ስለሚቀንስ ዕድሜው ይረዝማል። ግን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝናብ ካርቶኑን ካራሰው የተወሰደው ስኳር አልተመዘገበም። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ባለሱቁም ደንበኛዋም ተመዝግቧል ብለው አምነው መለያየታቸው ነው።

በእውነተኛው ኮምፒውተር ውስጥ ካርቶኑ አንድ አይደለም። ፕሮግራማችሁ «አስቀምጥ» ሲል ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ መረጃውን ራም ላይ ይይዝና ወዲያው «እሺ» ይላል። ሊነክስ በተለመደው አሠራሩ እስከ 30 ሰከንድ ገደማ ሊያቆየው ይችላል። ከዚያ የዲስክ መቆጣጠሪያ ካርድ ካለ የራሱ ሜሞሪ አለው፤ እሱም «እሺ» ይላል። ዲስኩም በውስጡ የራሱ ሜሞሪ አለው፤ እሱም «እሺ» ይላል። መረጃው መብራት ቢጠፋ የማይረሳ ቦታ ላይ የሚያርፈው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ስለዚህ አንድ ሲስተም «ተጽፏል» ሲላችሁ የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን ነው ያለው?» መሆን አለበት።

የሰርግ ቪዲዮ ወደ ፍላሽ ገልብጦ ኤርፖርት ለሚሄድ ሰው ለመስጠት የቸኮለ ሁሉ ይህን ሳያውቀው ያውቀዋል። አረንጓዴው መስመር ሞልቷል፤ ፍላሹ ሲነቀል ግን ፋይሉ ጎዶሎ ነው። ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ 10 የ1809 ዕትም ላይ ለተነቃይ ዕቃዎች የነበረውን የፍጥነት ምርጫ ትቶ በፍጥነት መንቀል የሚያስችለውን መነሻ ያደረገው ለዚህ ነው። ፍጥነት ቀንሶ ደኅንነት ገዛ።

ፕሮግራም ለሚጽፍ ሰው መሣሪያው ኤፍሲንክ ይባላል። «በየመንገዱ ያለውን ካርቶን ሁሉ ገልብጣችሁ ስትጨርሱ ብቻ ንገሩኝ» የሚል ትእዛዝ ነው። ዳታቤዞች አንድን ግብይት «ጸድቋል» ከማለታቸው በፊት የሚጠሩት እሱን ነው።

ማሽኑ የማይረሳበት ከተማ

ለዚህ ትምህርት ከላስ ቬጋስ የተሻለ ቤተ ሙከራ የለም። በካዚኖ የሚሠሩ ብዙ ወገኖቻችን እንደሚያውቁት፣ የቁማር ማሽን በጨዋታ መሐል መብራት ቢጠፋበት ሲመለስ የተጫዋቹን ቀሪ ክሬዲት ያስታውሳል። የኔቫዳ የቁማር ቁጥጥር እንዲህ ያለውን ነገር እንደ ቀላል አያየውም፤ ማሽኑ ስለ ገንዘብ የሚያውቀው ሁሉ ከመብራት መጥፋት መትረፍ አለበት። የቆዩት ማሽኖች ይህን የሚያደርጉት ባትሪ በተገጠመለት ራም ነው። ፍጥነቱ የራም ነው፤ አለመርሳቱ የባትሪው። ሲነሣ ማሽኑ ሜሞሪውን ይፈትሻል፤ ያነበበው ካልተስማማለት አይገምትም፤ ይቆልፍና ሠራተኛ ይጠራል።

ትላልቅ ሰርቨሮች ላይ ያለው የዲስክ መቆጣጠሪያ ካርድም ተመሳሳይ ባትሪ ወይም ካፓሲተር አለው። ለድርጅት የሚሠሩ ኤስኤስዲዎችም እንዲሁ፤ መብራት ሲቋረጥ በካፓሲተሩ ውስጥ ያለችው ጥቂት ኃይል ካርቶኑን ወደ መዝገብ ለመገልበጥ ትበቃለች። ለቤት የሚሸጠው ርካሹ ኤስኤስዲ ይህ ብዙውን ጊዜ የለውም። በላስ ቬጋስ ትልቅ ግቢ ያለው ስዊችን የመሰሉ ዳታ ሴንተሮች ደግሞ በሕንፃ ደረጃ ባትሪና ጄነሬተር ደራርበው ይሠራሉ። እዚያ ለመሥራት የምታመለክቱ ተማሪዎች ቃለ መጠይቅ ላይ ስለ ካሽ ብትጠየቁ ከሰርቨሩ ባትሪ ጀምራችሁ ብታወሩ አይጎዳችሁም።

ዳታ ሴንተር ግን ዋስትና አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር 2005 ላይቭጆርናል የተባለው የታወቀ ድረ ገጽ የነበረበት የሲያትል ዳታ ሴንተር መብራት ተቋረጠ። ሲመለስ ከዳታቤዞቹ አንዳንዶቹ ተበላሽተው ተገኙ፤ «ተጽፏል» የተባለ መረጃ አልተጻፈም ነበር። የድረ ገጹ መሥራች ብራድ ፊትዝፓትሪክ ነገሩን ሲመረምር አንዳንድ ዲስኮችና መቆጣጠሪያ ካርዶች ሳይጽፉ «ጽፈናል» እንደሚሉ አሳየ። የሚገርመው፣ ይኸው ሰው በ2003 ሜምካሽድ የተባለውን በዓለም ላይ እጅግ የተስፋፋ የካሽ ሶፍትዌር የጻፈ ነው። ካሽን ያን ያህል የሚወድ ሰው ነው ካሽን መጠራጠር ያስተማረን።

ኤፍሲንክም ቢሆን ፍጹም አይደለም። በ2018 የፖስትግሬስኪውኤል ዳታቤዝ ሠሪዎች አንድ የሚያስደነግጥ ነገር ገጠማቸው። በሊነክስ ላይ ኤፍሲንክ አንዴ «አልቻልኩም» ካለ በኋላ፣ ያልተጻፈው መረጃ እንደተጻፈ ተቆጥሮ ምልክቱ ሊነሣለት ይችል ነበር። ዳታቤዙ ደግሞ ለሁለት አሥርት ዓመታት ገደማ «ካልተሳካ ድጋሚ እሞክራለሁ» በሚል እምነት ተሠርቶ ነበር። ሁለተኛው ሙከራ «ተሳክቷል» ይላል፤ መረጃው ግን የለም። በየካቲት 2019 በወጣው ማስተካከያ ዳታቤዙ እንዲህ ሲገጥመው ሁሉን አቁሞ ከራሱ የግብይት መዝገብ እንዲነሣ ተደረገ። እንደ ቁማር ማሽኑ ማለት ነው፤ ከመገመት መቆለፍ።

አገር ቤት ለሚላክ ሲስተም

እዚህ ላይ ተመራቂዎቻችን ልብ ይበሉ። ላስ ቬጋስ አፓርታማችሁ ውስጥ የምትሞክሩት ፕሮግራም ለወራት መብራት ላይጠፋበት ይችላል። የሚሠራበት ቦታ ደብረ ማርቆስ ወይም ደሴ ከሆነ ግን መብራት በሥራ ሰዓት መሐል ይሄዳል፤ ዩፒኤስ ቢኖርም ባትሪው ያረጀ ሊሆን ይችላል። አንድ ፋርማሲ ውስጥ በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች የተሸጠ መድኃኒት ከዳታቤዙ ቢጠፋ፣ በመደርደሪያውና በኮምፒውተሩ መካከል ያለው ልዩነት በዚያ ቀን ተራ የነበረችው ልጅ ላይ ይወድቃል። ሠራተኛዋ ሰርቃ ሳይሆን ካርቶኑ ረጥቦ ነው፤ ይህን ግን ማን ያስረዳላታል?

ማይኤስኪውኤል የምትጠቀሙ ከሆነ፣ የግብይት መዝገቡ ዲስክ ላይ መቼ እንደሚወርድ የሚወስን ማስተካከያ አለ፤ 0፣ 1 ወይም 2 መሆን ይችላል። ሲጫን የሚመጣው 1 ነው፤ እያንዳንዱ ግብይት ሲጸድቅ ዲስክ ላይ ይወርዳል። ኢንተርኔት ላይ «ሲስተማችሁን አፍጥኑ» የሚሉ ምክሮች ወደ 0 ወይም 2 ቀይሩት ይላሉ። ፍጥነቱ እውነት ነው፤ መብራት ሲጠፋ እስከ አንድ ሰከንድ ገደማ የተሠራ ሥራ መጥፋቱም እውነት ነው። ለጨዋታ ውጤት ወይም ለጎብኚ ቆጠራ ይሁን እንላለን። ለገንዘብና ለመድኃኒት 1 ላይ ተዉት። በቀን ጥቂት መቶ ሽያጭ ላለው ፋርማሲ የሚገኘው ፍጥነት ለዓይን እንኳ አይታይም።

ባዶ መሶብ ይዞ መነሣት

ካሽ ፍጥነት ብቻ ይሰጣል ብሎ የሚያስብ ሰው አንድ ነገር ይረሳል። ሲስተሙ በካሹ ላይ ተደግፎ ካደገ፣ ካሹ ባዶ ሲሆን ሲስተሙ ይወድቃል። በሰከንድ 10 ሺህ ጥያቄ የሚመጣበት ሰርቨር ውሰዱ። ከመቶ 99ኙ ካሽ ላይ ከተገኘ ወደ ዲስክ የሚወርደው 100 ብቻ ነው፤ አንድ የሚሽከረከር ዲስክ ይችለዋል። ሰርቨሩ ተዘግቶ ሲከፈት ካሹ ባዶ ነው፤ ዲስኩ ላይ 10 ሺህ ጥያቄ በአንዴ ይወርድበታል። ዲስኩ ስለሚዘገይ ጠያቂዎች ሰልችተው ድጋሚ ይጠይቃሉ፤ ሰልፉ ይረዝማል፤ ካሹ የሚሞላበት ፋታ አያገኝም።

ፌስቡክ መስከረም 23 ቀን 2010 እ.ኤ.አ. ለሁለት ሰዓት ተኩል ያህል የጠፋው በዚህ ዓይነት አዙሪት ነው። ካሹ ላይ የተበላሸ ማስተካከያ ሲያይ ከዳታቤዝ አምጥቶ የሚያድስ ፕሮግራም ነበራቸው። ዳታቤዙ ላይ ያለው ራሱ እንደ ብልሹ የሚቆጠር ሲሆን፣ ሁሉም ማሽን በአንዴ ዳታቤዙን መጠየቅ ጀመረ። ዳታቤዙ ሲጨናነቅ ስሕተት መለሰ፤ ማሽኖቹ ስሕተቱን «ካሹ ተበላሽቷል» ብለው ተርጉመው ካሹን ሰረዙት፤ እንደገና ጠየቁ። በመጨረሻ ድረ ገጹን ዘግተው ዳታቤዙን ከማስተንፈስ ሌላ አማራጭ አልነበራቸውም።

ያረጀ መልስ

የመጨረሻው አደጋ መረጃው ሳይጠፋ መልሱ ማርጀቱ፣ ወይም ለሌላ ሰው መድረሱ ነው። በ2015 የፈረንጆች ገና ዕለት ስቲም የተባለው የጨዋታ መደብር ከጥቃት ራሱን ለመከላከል የካሽ ደንቡን ሲቀይር፣ ለአንድ ሰው የተዘጋጀ ገጽ ለሌላ ሰው መታየት ጀመረ። የ34 ሺህ ያህል ሰዎች ገጽ ለማያውቁት ሰው ሳይታይ አልቀረም።

በገንዘብ ረገድ ደግሞ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክን መጋቢት 2016 ዓ.ም. ማን ይረሳል? አርብ መጋቢት 6 ሌሊት ለቅዳሜ አጥቢያ ብዙ ደንበኞች፣ ከእነሱም መካከል በርካታ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ሒሳባቸው ላይ ከሌለው በላይ ገንዘብ አወጡ፤ አስተላለፉም። በዚያ ሌሊት 490 ሺህ ያህል ግብይት ተካሂዷል፤ ያለአግባብ ወጣ የተባለው 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነው። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረ ገልጾ፣ በሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ ጊዜ የተፈጠረ ችግር ነው አለ። በኋላም ገንዘቡን ያልመለሱትን ስምና ፎቶ አወጣ። ባንኩ ችግሩን ካሽ አላለውም፤ እኛም አንለውም። እዚህ ያነሣነው ገንዘብ ሲወጣ «ሒሳቡ ላይ አለ ወይ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከየት ይመጣል የሚለው ነገር በዚያ ሌሊት ለሁሉም ሰው ስለታየ ነው።

የዓለም ባንኮች ኤቲኤም ከዋናው መዝገብ ጋር መገናኘት ሲያቅተው ምን እንደሚያደርግ አስቀድመው ይወስናሉ። አንዳንዱ ጨርሶ ይከለክላል። አንዳንዱ ደግሞ በተወሰነ አነስተኛ ገንዘብ ላይ ብቻ ተክቶ ይፈቅዳል፤ ቢሳሳት የሚከስረው እስከዚያች ድረስ ነው። እኛም ትንሽ ሲስተም ስንሠራ ይህንኑ መከተል አለብን። ስክሪን ላይ የሚታይ ቀሪ ሒሳብ ከካሽ ቢመጣ፣ አሥር ሰከንድ ቢያረጅም ማንም አይሞትም። ወጪ የሚፈቅደው ትእዛዝ ግን ሁልጊዜ ከዋናው መዝገብ ጠይቆ፣ መዝገቡን ቆልፎ፣ ቀንሶ መውጣት አለበት።

ሲስተም ወደ አገር ቤት ከመላካችሁ በፊት ይህን ሙከራ ሥሩ፤ ፊትዝፓትሪክ ለዲስኮቹ የተጠቀመበት ዘዴ ነው። ሰርቨሩ ላይ 1፣ 2፣ 3 እያለ ቁጥር ዳታቤዝ ውስጥ የሚመዘግብ ትንሽ ፕሮግራም ጻፉ። እያንዳንዱ ቁጥር «ጸድቋል» ሲባል በኔትወርክ ለሌላ ኮምፒውተር ይንገረው፤ ያኛው የመጨረሻውን ቁጥር ይያዝ። ከዚያ የሰርቨሩን ገመድ ከግድግዳው ንቀሉት። በመዝጊያው ቁልፍ አታጥፉት፤ ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪውንም አውጡ። መልሳችሁ አስነሡና ሁለቱን አስተያዩ። ሁለተኛው ኮምፒውተር 4812 ተነግሮት ዳታቤዙ 4790 ላይ ከቆመ፣ በመካከል ያለ አንድ ሰው ሳይጽፍ «ጻፍኩት» ብሏል። መጀመሪያ የዳታቤዙን ማስተካከያ፣ ቀጥሎ የዲስኩን የመጻፊያ ካሽ ፈትሹ፤ ሁለቱም ደኅና ከሆኑ ዲስኩን ቀይሩና ሙከራውን ቢያንስ አሥር ጊዜ ድገሙት፤ አንድ ጊዜ ማለፍ ዕድልም ሊሆን ይችላል።